የምጣድ ጥላሸትና የመጽሐፍ ቀለም

ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የሚያውቅ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያነሣው ብርዱን ነው። የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫም፣ ስሟ እንደሚመሰክረው፣ ነፋስ አታጣም። በዚህ ደጋ የቤት ኑሮ የሚሰበሰበው በእሳት ዙሪያ ነው። ከእሳቱ ላይ ምጣድ አለ፤ ከምጣዱ አጠገብ እንዝርት አለ፤ ከእንዝርቱ አጠገብ ደግሞ፣ ዕድል ሲቃና፣ መጽሐፍ አለ። ዛሬ ለአንባቢ ላጫውት የፈለግሁት የእነዚህን የሦስቱን ጉርብትና ነው።

ነገሩን ያስጀመረኝ የራሴ ጥፋት ነው። በማስተምርበት ክፍል አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዘወትር እየሮጠችና እያለከለከች ትደርስ ነበር። አንድ ቀን ደወሉ ከተደወለ በኋላ ብትገባ በጓደኞችዋ ፊት ተቆጣኋት። እርስዋም አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች እንጂ አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። ኋላ እንደ ሰማሁት ግን ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ በሩጫ አሳጥራ ነበር የምትመጣው። አፈርኩ፤ በቅዳሜውም ወደ ቤቷ ሄድኩ።

እናትየዋ ገብስ ይቆሉ ነበር። «ይግቡ መምህር፤ ቤት የእግዜር ነው» ብለው መደብ አነጠፉልኝ። ገብሱ አስቀድሞ ታምሷል፤ በሙቀጫ ተሸክሽኮ በሰፌድ ተበጥሯል፤ አሁን ምጣድ ላይ ተመልሶ ሊቀላ ነው። ከዚሁ የተረፈው ይፈጭና በሶ ይሆናል፤ በውሃና በጨው ተበጥብጦ ወይም በቅቤ ታሽቶ ለመንገደኛ ስንቅ ነው። ልጅቱ ጥጥ ትፈትላለች። ከግድግዳው ላይ ራስዋ በስንደዶና በአለላ የሰፋችው ሌማት ተሰቅሏል፤ መልኩ እንዳይዛነፍ እያንዳንዱን ዙር ቆጥራ ነው የሰፋችው። መጽሐፏ ከእግሯ ሥር ተዘርግቷል፤ እንዝርቱ ሲሾር ዐይኗ ከፊደሉ፣ ክሩ ሲበጠስ ከክሩ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ግን ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ያለ ሐሳብ ያነብባል።

ጋይንት የመጽሐፍ አገር ናት። የታች ጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባም በዝማሬና በመዋሥዕት ትታወቃለች። ወደነዚህ ደብሮች ከየአገሩ የሚጎርፈው የቆሎ ተማሪ ስሙን ያገኘው ከምጣድ ነው። ድጓውን በእጁ የሚጽፈውም ብራናውን ፍቆ፣ መቃውን ቀርጾ፣ ጥቁሩን ቀለም የሚበጠብጠው ከምጣድና ከድስት ጥላሸት ነው፤ ካረረ እህልና ከቅጠል ጋር አዋሕዶ ለወራት ያቆየዋል። እንግዲህ ስንቁም ቀለሙም ከማጀት ወጥቷል፤ የማጀቷ ልጅ ግን ከመጽሐፉ ርቃ ኖራለች።

ይህን ስናወጋ እናትየዋ ማማሰላቸውን ተዉ። «ለሰው ልጅ ቆሎ ስሰፍር ‹ተማር› ብዬ ነው። የገዛ ልጄ መጽሐፍ ስትይዝ ግን ‹እንዝርትሽን አንሺ› እላታለሁ» አሉ።

ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው ከዛሬ ጀምሮ የማታውን ውሃ እርሱ እንዲቀዳ አዘዙት። ልጁ «ጎረቤት ይስቅብኛል» ብሎ አጉረመረመ። «የቆሎ ተማሪ ለየኔታው ውሃ ሲቀዳ ማን ሳቀበት?» አሉት። ልጁ መልስ አጣ፤ እኔም እየሳቅሁ፣ በቤቴ ውሃ ማን ይቀዳልኝ እንደ ነበር አስታውሼ ዝም አልኩ። እኅቴ ነበረች።

ስለ ሩጫም አንድ ቃል ልጨምር። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ ደራርቱ ቱሉም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10000 ሜትር ወርቁን ስትወስድ፣ የደጋ እግር ምን እንደሚችል ዓለም አይቷል። ዳሩ ግን ቁጣን ሽሽት መሮጥና ወድዶ መሮጥ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ድካም ነው፤ ሁለተኛው የራስ ሀብት ነው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ከእናንተ የሚለመነው ገንዘብ አይደለም፤ ከምሽቱ ላይ አንዲት ሰዓት ናት። ምግብ ማብሰሉም፣ ስፌቱም፣ ፈትሉም ክቡር ሙያ ነው፤ ይቅር የሚል የለም። ነገር ግን ሥራው ለወንድም ለሴትም ቢከፈል መብራቱም ለሁለቱ ይበቃል።

ያቺ ተማሪ እንጀራውን ዛሬም እርስዋው ትጋግራለች፤ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አይቃናም። ሆኖም አሁን ከደወሉ በፊት ትደርሳለች። የምትመጣው ግን እንደ ዱሮው እየሮጠች ነው። ጊዜ ተርፎሽ ሳለ ስለ ምን ትሮጫለሽ ብዬ ብጠይቃት ፈገግ አለችና «ወድጄ ነው» አለችኝ።