ጣና የደረቀበት ዘመን፦ የዋልታ ባሕሮች ለወለጋ ዝናብ ምናቸው ነው?

ከነቀምት ወደ በደሌ የሚጓዝ መንገደኛ በሐምሌ ወር የዴዴሳን ድልድይ ሲሻገር ከሥሩ የሚያየው ደፍርሶ የሚጋልብ ሙሉ ወንዝ ነው። ወለጋ ዝናብ የማይነፈገው አገር ነው፤ በአፋን ኦሮሞ «አርፋሳ» ከሚባለው ወቅት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሰማዩ እጁን አይሰበስብም። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ ዋልታ በረዶ እየቀለጠ መሆኑ በሬዲዮ ሲነገር አድማጩ የሩቅ አገር ወሬ አድርጎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በግብርና ኮሌጅ ሳለ ስለ አፈርና ስለ ዘር ብዙ ተምሮ ስለ ውቅያኖስ የተማረው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ ከነቀምት በስተሰሜን፣ በጣና ሐይቅ ወለል ሥር የተቀበረ ደለል ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ አለመሆኑን ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሄንሪ ላምብ የተባሉ በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር፣ ከእሸቴ ደጀንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ስለ ጣና ያለፈ ታሪክ አንድ ጥናት አሳተሙ። የድምፅ ሞገድ ወደ ሐይቁ ወለል በመላክ ከሥሩ ያሉትን የደለል ንጣፎች ለዩ፤ በረጅም ቱቦም ደለሉን እንደተደራረበ አወጡት። እንደ ጉድጓድ ቆፋሪ የአፈሩን ቀለምና ጥንካሬ እያዩ ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙት አንድ ደርቆ የጠጠረ ንጣፍ ነበር። ከእርሱም በላይ የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል በስብሶ የተከማቸበት ንጣፍ ተገኘ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር፣ ቀጥሎም ረግረግ ሆነ። ውኃው እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከዛሬ 15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ዘመን ዓባይ ከጣና ውኃ አያገኝም ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቋል። ሁለት ታላላቅ ሐይቆችን በአንድ ዘመን ያደረቀው ምንድን ነው?

ፍንጩ የተገኘው ከአፍሪካ እጅግ ርቆ፣ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃርትሙት ሃይንሪሽ እ.ኤ.አ. በ1988 እንደገለጹት፣ በዚያ ወለል ላይ ከየብስ የመጡ ጠጠሮች በየዘመኑ ተነጥፈው ይገኛሉ። ጠጠሮቹን ያመጧቸው ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች ነበሩ። በጥንቱ የበረዶ ዘመን ካናዳን ሸፍኖ የነበረው ግግር በረዶ እየተሰበረ ወደ ባሕር ሲገባና ሲቀልጥ፣ ይዞት የመጣው ጠጠር ወደ ታች ይሰምጥ ነበር። ከእነዚህ ክስተቶች አንዱ የሆነው ጣና ከደረቀበት ዘመን ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከርት ስቴገርና ባልደረቦቻቸው በ«ሳይንስ» መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በዚያ ጊዜ ድርቁ የአፍሪካንና የእስያን ሰፊ ክፍል እንደያዘ አመልክተዋል።

የጨው ነገር

በሰሜን የቀለጠ በረዶ በኢትዮጵያ ዝናብ የሚነካበት መንገድ የሚጀምረው ከጨው ነው። ዕንቁላል በንጹሕ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፤ በርከት ያለ ጨው ሲጨመርበት ግን ይንሳፈፋል። ማንም በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ጨዋማ ውኃ ከንጹሕ ውኃ ይከብዳልና ነው። ቀዝቃዛ የባሕር ውኃም ከሞቃቱ ይከብዳል። እንግዲህ ከሐሩሩ ክፍል ተነሥቶ በአትላንቲክ ላይ ወደ ሰሜን የሚፈስ ሞቃትና ጨዋማ ውኃ በግሪንላንድ አካባቢ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ጥልቁም ይሰምጣል። በሰመጠው ምትክ ሌላ ሞቃት ውኃ ከደቡብ ይመጣል። ዝውውሩ በዚህ ዓይነት ያለማቋረጥ ሙቀትን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያጓጉዛል።

በዚህ ባሕር ላይ ብዙ በረዶ ቀልጦ ንጹሕ ውኃ ሲፈስበት ጨዉ ይቀጥናል፤ ውኃው ይቀልላል፤ መስመጡን ይቀንሳል። የሙቀቱ ጉዞ ይደክምና ሰሜኑ ይቀዘቅዛል።

ለእኛ ወሳኙ እዚህ ላይ ነው። ምድርን በወገቧ የሚዞረው የዝናብ መቀነት ሁልጊዜ ወደ ሞቀው ወገን ያደላል። በክረምታችን ወቅት ፀሐይ ሰሜኑን ስታሞቅ መቀነቱ ወደ እኛ ይወጣል፤ በበጋ ወደ ደቡብ ይመለሳል። እርጥበቱም ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደኖች፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ ይመጣል። ሰሜኑ ለብዙ ዘመን ከቀዘቀዘ መቀነቱ ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል፤ የኢትዮጵያ ክረምትም ይሳሳል። ተመራማሪዎች የጥንቱን ድርቅ ከዚህ መንገድ ጋር ያያይዙታል። ያን ጊዜ ዓለም በበረዶ ዘመን ላይ ስለነበረች የዛሬው ሁኔታ የዚያ ግልባጭ ይሆናል ማለት ግን አይቻልም።

ዛሬ የሚለካው

ሳተላይቶች የዋልታ ባሕሮችን በረዶ ያለማቋረጥ መለካት ከጀመሩ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗል። በአርክቲክ የባሕር በረዶ በየዓመቱ በመስከረም ወር ወደ ትንሹ ስፋቱ ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዶ ዝቅተኛውን ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ይህ የኢትዮጵያን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህላል። ትልቅ ቢመስልም በ1980ዎቹ ከነበረው ግማሽ ያህል ነው። በአንታርክቲካ ዙሪያ ያለው በረዶ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቶ ነበር፤ በ2023 ግን በክረምቱ ጫፍ እንኳ 17 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቀረ፤ ያም በሳተላይት ዘመን ያልታየ ነበር።

በረዶው ሲጠፋ ሙቀቱ ራሱን ያባብሳል። ነጭ ጋቢ የለበሰና ጥቁር ካፖርት የደረበ ሰው በቀትር ፀሐይ እኩል አይሞቃቸውም። ነጩ በረዶ የፀሐይን ጨረር ይመልስ ነበር፤ የተገለጠው ጥቁር ባሕር ግን ይውጠዋል። «ፖላርሽተርን» የተባለችው የጀርመን የምርምር መርከብ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 በአርክቲክ በረዶ መካከል ሆና፣ ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎችን እየተቀበለች የቆየችው ይህንንና መሰሉን ነገር ከውስጥ ሆኖ ለመለካት ነው። የአትላንቲክን ዝውውር ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ከፍሎሪዳ እስከ አፍሪካ ዳርቻ በባሕር ውስጥ የተዘረጉ መሣሪያዎች ይከታተሉታል።

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ጉባኤ በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ይህ ዝውውር በያዝነው ክፍለ ዘመን መዳከሙ እጅግ የሚጠበቅ መሆኑን፣ ከ2100 በፊት በድንገት ይቆማል ብሎ ግን እንደማያምን፣ በዚህ ድምዳሜው ላይም ያለው መተማመን መካከለኛ መሆኑን ገልጿል። ቢቆም የዝናቡ መቀነት ወደ ደቡብ እንደሚሸሽና የአፍሪካ ክረምት እንደሚደክምም ጨምሮ ጠቅሷል። በሌላ በኩል የምድር ጠቅላላ መሞቅ በራሱ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብን እንደሚያበዛ ይጠበቃል። ሁለቱ ኃይሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ ማለት ነው። «ወለጋ ይደርቃል» ወይም «ዝናባችን ይጨምራል» ብሎ በአንድ ቃል የሚደመድም ሰው ሲገኝ መጠራጠር ይገባል።

ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሻምቡ ወይም በአርጆ ዝናቡ በአንድ ዓመት ቢዘገይ ጥፋተኛው የዋልታው በረዶ ነው ማለት አይደለም። ከዓመት ዓመት ክረምታችንን ይበልጥ የሚያናውጠው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ነው። በ2015 የተከሰተው ኤልኒኞ በኢትዮጵያ ያስከተለውን ድርቅ ሁሉም ያስታውሰዋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። የሜትዮሮሎጂ ተቋማችን የወቅት ትንበያውን ሲያዘጋጅ የፓስፊክን ሙቀት ካለፉት ዓመታት ጋር የሚያነጻጽረው በዚህ ምክንያት ነው። በቆሎውን መቼ እንደሚዘራ የሚወስን ገበሬ ሊሰማው የሚገባው ይህን ትንበያ እንጂ የዋልታውን ዜና አይደለም።

የቡና ተካዩ ነገር ግን ከበቆሎ ዘሪው ይለያል። በቆሎ በአንድ ዓመት ተዘርቶ ይሰበሰባል፤ ዝርያውም በየዓመቱ ሊለወጥ ይችላል። ቡና ግን ከተተከለ ሦስትና አራት ዓመት ቆይቶ ማፍራት ይጀምርና ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፤ አበባውም የሚፈነዳው ከደረቅ ወራት በኋላ የምትጥለውን የመጀመሪያዋን ዝናብ ጠብቆ ነው። ይኸው የ2021 ሪፖርት እንደሚለው፣ የአርክቲክ ባሕር ከ2050 በፊት ቢያንስ በአንድ መስከረም ከበረዶ ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል። በኛ አቆጣጠር 2042 ዓ.ም. ማለት ነው። ዘንድሮ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ የሚተከል የቡና ችግኝ በዚያ ዓመት ገና በለቀማ ላይ ይሆናል።