ስለ ነፍሰ ጡር ሴትና ስለ ፀሓይ ብርሃን

ሀገራችን የ13 ወር ፀሓይ ያላት መሆኗን ለማንም ማስተማር አያሻም። አቃቂ ቃሊቲም ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ብርሃኑ ብርቱ ነው። በዚህ ብርሃን መካከል የምትኖር ነፍሰ ጡር ከፀሓይ የሚገኘውን ቪታሚን ዲ ልታጣ ትችላለች ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው።

ነገሩ ግን ተመርምሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያንን ከኖርዌይ ሰዎች ጋር ሲያመዛዝን፥ የዚህ ቪታሚን መጠን ያነሰው በእኛዎቹ ዘንድ ሆኖ ተገኘ። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናትም በአዳማና በአካባቢዋ ከተመረመሩት የትምህርት ቤት ልጆች ከመቶው 42ቱ እንደ ጎደለባቸው ገለጸ፤ ከገጠሩ ልጅ ይልቅ በከተማው ልጅ ብሶ ታይቷል።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። ቪታሚኑን አብዛኛውን የሚሠራው ፀሓይ ያገኘው ቆዳችን ነው። እንጀራና ሽሮ አይሰጡንም፤ የእንቁላል አስኳል ጥቂት አለው። ጨረሩም በመስታወት ስለማያልፍ በመስኮት አጠገብ መቀመጥ አይጠቅምም። ጧት ፋብሪካ ገብታ ማታ የምትወጣ፥ ወይም ምች ይመታኛል ብላ በነጠላ ተሸፋፍና በጥላ ሥር ብቻ የምትሄድ ሴት ፀሓዩን ታየዋለች እንጂ አታገኘውም። (ይህን ስንል እናቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ የቀትር ፀሓይ እንደሚያቃጥል እኛም እናውቃለን።)

በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች ቪታሚን ዲ ያነሳቸው ነፍሰ ጡሮች 37 ሳምንት ሳይሞላ መውለዳቸው በዝቶ እንደ ታየ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ አብሮ መታየት ምክንያት መሆን አይደለም። የታመመች ወይም ምግብ ያጣች ሴት ከቤት አትወጣም፤ ቪታሚኗም ያንሳል፥ ያለ ጊዜዋም ትወልድ ይሆናል። ኪኒኑን ሰጥተው የሞከሩ ሐኪሞችም ያለ ጊዜው መወለድን እንደሚያስቀር አላረጋገጡም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለነፍሰ ጡር ሁሉ እንዲሰጥ አይመክርም። ስለዚህ ለዚህ ኪኒን ገንዘብ ይዛ ወደ መድኃኒት ቤት የምትሄድ እናት ብትኖር፥ በገንዘቡ እንቁላል ግዢ እንላታለን። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ግን ሌላ ነው፤ እርሱን አታቋርጥ።

ፊትና ክንድን ገልጦ በደጅ ጥቂት መመላለስ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸኩለው የእርግዝና ክትትል ነው፤ ያለ ጊዜው መወለድን የሚያመጡት የደም ግፊትና የሽንት ቧንቧ ሕመም የሚታወቁት በዚያ ነውና። መምህራን ሆይ፥ ከጎረቤታችሁ ወይም ከባልደረቦቻችሁ ወሯ ሳይገባ ምጥ የጀመራት ወይም የእንሽርት ውኃ የፈሰሳት ብትኖር፥ እስኪነጋ እንቆይ አትበሉ። ሕፃኑ ከመወለዱ አስቀድሞ ለእናቲቱ የሚወጋ፥ የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክር መድኃኒት በሆስፒታል አለ፤ የሚሠራውም ጊዜ ሲያገኝ ነው።