የቅርንፉድ ዘይት አረምን ያደርቃል?

ቅርንፉድን የምናውቀው ሻይ ስናፈላ፣ ወጥ ስናጣፍጥና ጥርሳችንን ሲያመን ነው። ከእንቡጡ የሚወጣው ዘይት አረምንም እንደሚያደርቅ የሰማን ግን ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም። በጓሮው ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ፣ ልጆቹ ግቢ ውስጥ የሚቦርቁበት ቤተሰብ ከፋብሪካ ኬሚካል ሌላ አማራጭ ቢፈልግ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግላይፎሴት የተባለውን በስፋት የሚሠራበት ፀረ አረም “በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ተብሎ ከሚገመት” ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግን በዚህ አልተስማማም። ታዲያ የዕፅዋት ዘይት ምን ያህል ይተካዋል?

እንዴት ይሠራል?

የመዓዛ ዘይት ከቅጠል፣ ከእንቡጥ ወይም ከቅርፊት በእንፋሎት ተጣርቶ የሚወጣ፣ በቀላሉ የሚተንና ሽታው የሚያውድ ፈሳሽ ነው፤ ከምግብ ዘይት ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ ጥናት 25 ዓይነት የዕፅዋት ዘይቶችን ፈትሾ ነበር። ከበረቱት መካከል የቅርንፉድ፣ የቀረፋና የጦስኝ ዘይቶች ይገኙበታል። ከ5 እስከ 10 በመቶ ተበጥብጠው በግሪን ሃውስ ውስጥ ሲረጩ የአረሞቹን ቅጠልና ግንድ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ቀን ባለው ጊዜ አድርቀዋል። በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዩጂኖል የተባለው ንጥረ ነገር የቅጠሉን ሕዋሳት ሽፋን ያፈርሳል፤ በውስጣቸው ያለው ውኃ ይፈስሳል፤ ቅጠሉም ይጠወልጋል።

የት ይጠቅማል? የትስ አይጠቅምም?

ዘይቱ የሚያደርቀው የነካውን ብቻ ነው፤ ወደ ሥር አይወርድም። ስለዚህ ገና ከ2 እስከ 4 ቅጠል ባወጣ ለጋ አረም ላይ ይሠራል። እንደ ሰርዶ ያለው ሥረ ብርቱ ግን ላዩ ቢደርቅም ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። አፈር ውስጥ የተቀበረውንም ዘር አይገድልም። በተጨማሪም አረምን ከጎመን አይለይም፤ የነካውን ሁሉ ያቃጥላል። ተስማሚ ቦታው የቤት ወይም የመስጂድ ግቢ የድንጋይ ንጣፍ ስንጥቅ፣ የአጥር ሥርና ገና ያልተተከለበት መደብ ነው።

አዘገጃጀት

• 50 ሚሊ ሊትር የቅርንፉድ ዘይት በመርጫ ዕቃ ውስጥ ጨምረው በውኃ 1 ሊትር ይሙሉት። ይህ 5 በመቶ ይሆናል።
• ዘይትና ውኃ ስለማይዋሃዱ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ፤ በሚረጩበት ጊዜም ደጋግመው ይነቅንቁ።
• ፀሐይ ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ቅጠሉ እስኪርስ ይርጩ። ካቆጠቆጠ ይድገሙ።

ቅርንፉድ ተቀቅሎ የሚገኘው ውኃ ዘይቱ ስለሚያንሰው ይህን ሥራ አይሠራም። ዘይቱም ውድ ነው፤ ስለዚህ ለሰፊ ማሳ አያዋጣም። እዚያ መኮትኮት፣ በእጅ መንቀልና አፈሩን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ይሻላል።

ብርቱ ማሳሰቢያ

ተፈጥሯዊ ማለት ጉዳት የለሽ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በታተመ ዘገባ፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር የቅርንፉድ ዘይት የጠጣ የ2 ዓመት ሕፃን ራሱን ስቶ፣ ጉበቱም ተጎድቶ ነበር። ይህ መጠን ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከላይ ለ1 ሊትር የጠቀስነው 50 ሚሊ ሊትር ከዚህ 5 እጥፍና ከዚያ በላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለዚህ ዘይቱንም ሆነ ብጥብጡን በውኃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በፍጹም አያስቀምጡ። ስሙን ጽፈው፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቆልፉበት። ሲረጩ ጓንት ያድርጉ፤ ዓይንዎንም ይከልሉ። ቆዳ ከነካ በውኃና በሳሙና ይታጠቡ። ልጅ ከዋጠው ደግሞ ለማስታወክ ሳይሞክሩ ጠርሙሱን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ሲያስታውክ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና።

ለትንሿ ጓሮ ዛሬም የማይጎዳው ፀረ አረም እጅና መኮትኮቻ ነው። የቅርንፉድ ዘይት እነርሱ የማይደርሱበትን ስንጥቅ ያግዝ፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበት።