ከዘይቱ ስም በፊት መጠኑ

«ካንሰርን የሚከላከለው የትኛው ዘይት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ደጃፍ አይጠፋም። ጠያቂው የሚጠብቀው የአንድ ዘይት ስም ነው። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ያመለክታል፤ ድስት ውስጥ ከምንጨምረው የዘይት ዓይነት ይልቅ በሰውነታችን ወደሚከማቸው ስብ።

ቅባት ማገዶ ብቻ አይደለም። የሕዋሳታችን ሽፋን በአብዛኛው የተሠራው ከእሱ ነው፤ የመከላከያ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸው ፕሮስታግላንዲኖችም መነሻቸው እሱ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ፕሮስታግላንዲን ኢ2፣ በዕጢ ዙሪያ ሲበዛ ካንሰርን የሚገድሉትን ቲ ሴሎች ያዳክማል። ይህ ፕሮስታግላንዲን የሚሠራው ኦሜጋ ስድስት ከሚባለው የቅባት ዓይነት በመሆኑ «እንግዲያው በዚሁ ቅባት የበለጸገው የኑግ ዘይት ጎጂ ነው» የሚሉ አሉ። ድምዳሜው ችኩል ነው። ከዘይቱ የሚገኘው ኦሜጋ ስድስት ወደ ፕሮስታግላንዲን ጥሬ ዕቃ የሚለወጥበትን መጠን ሰውነት ስለሚቆጣጠር፣ ኦሜጋ ስድስት አብዝቶ መብላት በደም ውስጥ ያለውን የፕሮስታግላንዲን ጥሬ ዕቃ ብዙም አይጨምረውም። የስብ ክምችት ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ቅባት በበዛበት ምግብ በወፈሩ አይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ የዕጢው ሕዋሳት ቅባቱን ይሻሙና ቲ ሴሎቹን ያስርባሉ።

«አይጥ ሰው አይደለም» የሚለው ተገቢ ተቃውሞ ነው። በአሜሪካ 48,835 ሴቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጥናት፣ ቅባት መቀነስ የጡት ካንሰርን እንደሚከላከል በአስተማማኝ ሁኔታ ማረጋገጥ አልቻለም። 25,871 ሰዎች በተሳተፉበት ሌላ ጥናትም ኦሜጋ ሦስት እንክብል ከአምስት ዓመት በላይ መውሰድ ካንሰርን አልቀነሰም። በእነዚህ ጥናቶች ያልተሳካው ግን ቅባትን በመቀነስ ወይም አንድን ቅባት ነጥሎ በመውሰድ ብቻ ካንሰርን የመከላከል ተስፋ ነው። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰው የተገኘውን ማስረጃ መርምሮ፣ ከመጠን ያለፈ የሰውነት ስብ ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል።

የሰውነት ስብ የሚከማቸው ከተትረፈረፈ ካሎሪ ስለሆነ፣ የጾም ወጥ ቅቤ ስላልገባበት ብቻ ቀላል ምግብ አይሆንም። የኑግም ሆነ የሚረጋው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ጤነኛ ሰው ሽንኩርቱን ሲያቁላላ ዘይቱን ይለካ። ካንሰር ይዞት ክብደቱ እየቀነሰ ላለ ሰው ግን ምክሩ ይገለበጣል፤ ለእሱ ቅባት ጉልበት ነው። «ዕጢውን ይመግበዋል» ብላችሁ፣ ሐኪሙን ሳታማክሩ፣ ከታማሚ ምግብ ላይ ዘይትና ቅቤ አትቀንሱ።