ውሻና ድመት ይዘው ለሚከራዩ ሰዎች ፍትሐዊ ክፍያ እንዴት ይወሰናል?

ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ዜጎች፣ ለሥራ ወይም ለእረፍት ለጥቂት ቀናት የሚያርፉ እንግዶች እንዲሁም ከውጭ አገር የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ውሻ ወይም ድመት ይዘው ሲመጡ በአከራይና በተከራይ መካከል በተደጋጋሚ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ለእንስሳው ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ከሆነስ መጠኑ ስንት ሊሆን ይገባል? ጥያቄው አስቀድሞ መልስ ካላገኘ ተከራዩ እንስሳውን ደብቆ ለማስገባት፣ አከራዩም በመውጫ ጊዜ መያዣውን በሙሉ ለማስቀረት ይገፋፋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሚቀበለው ቤት ያጣ ተከራይ ውሻውን ጎዳና ላይ ጥሎ መሄዱ ነው። ክትባቱ የተቋረጠና ባለቤት አልባ የሆነ ውሻ ለአካባቢው ነዋሪ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ አከራዮች፣ ተከራዮችና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ክፍያውን በምን መነሻ ሊወስኑ እንደሚችሉ ያብራራል። ጽሑፉ የሚመለከተው በቤት ወይም በግቢ ውስጥ ለአብሮነትና ለጥበቃ የሚያዙ ውሾችንና ድመቶችን ነው። ለርቢ የሚያዙ ከብቶችን፣ ዶሮዎችንና ለበዓል ተገዝተው ለጥቂት ቀናት ግቢ ውስጥ የሚታሰሩ በጎችን አይመለከትም።

የክፍያው መነሻ ምንድን ነው?

በእንስሳ ምክንያት የሚጠየቅ ገንዘብ ሦስት ዓይነት ዓላማ ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው የጽዳት ክፍያ ሲሆን ጸጉር ለማንሳት፣ ምንጣፍና አልጋ ልብስ ለማጠብ፣ ሽታ ለማስወገድ የሚወጣውን ተጨማሪ ወጪ ይሸፍናል። ይህ ገንዘብ ለተሰጠው አገልግሎት የሚከፈል በመሆኑ አይመለስም። ሁለተኛው መያዣ ነው። መያዣ ምናልባት ለሚደርስ ጉዳት የሚቀመጥ የተከራዩ ገንዘብ በመሆኑ ጉዳት ካልደረሰ በሙሉ ይመለሳል። ሦስተኛው በየወሩ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ ሲሆን ተገቢ የሚሆነው አከራዩ በየወሩ የሚያወጣው ወጪ ሲኖር ብቻ ነው። ለምሳሌ በጋራ ግቢ ውስጥ የውሻውን ማደሪያ የሚያጸዳ ሠራተኛ የሚከፈለው በአከራዩ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያ ምክንያት ይኖረዋል።

ፍትሐዊነት የሚለካው እያንዳንዱ ክፍያ ከአንድ እውነተኛ ወጪ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው። ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ማስከፈል አይገባም። የጽዳት ክፍያ የተቀበለ አከራይ ያንኑ ጽዳት ምክንያት አድርጎ ከመያዣው ላይ መቀነስ የለበትም።

ለአጭር ጊዜ ለሚያርፉ እንግዶች

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሆቴሎችን፣ ሪዞርቶችንና የእንግዳ ማረፊያዎችን አይመለከትም። በእነዚህ ተቋማት የሚከፈለው ዋጋ የንግድ አገልግሎት ዋጋ ነው። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ የማመልከትና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ የእንስሳ ክፍያ የሚጠይቅ ማረፊያ መጠኑን እንግዳው ክፍል ሲይዝ ማሳወቅ፣ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ማስፈርና በደረሰኙ ላይ ለይቶ ማሳየት ይጠበቅበታል። ማረፊያው በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ የተጠቀሰው መጠን ታክሱን ያካተተ መሆን አለመሆኑም አብሮ ሊገለጽ ይገባል።

ለአጭር ቆይታ ተስማሚ የሚሆነው አንድ ጊዜ የሚከፈል የጽዳት ክፍያ ነው። የጽዳቱ ወጪ በአዳር ቁጥር ልክ ስለማይጨምር በየአዳሩ ማስከፈል እንግዳውን ያለአግባብ ይጎዳል። ለአብነት ያህል አንድ ማረፊያ ውሻ ያረፈበትን ክፍል ለማጽዳት ለሠራተኛ 300 ብር፣ ለልብስ እጥበት 200 ብር፣ ለማጽጃ ኬሚካል 100 ብር፣ በድምሩ 600 ብር ተጨማሪ ወጪ አለበት እንበል። ሦስት አዳር ያደረ እንግዳ 600 ብር ቢከፍል የማረፊያው ወጪ ተሸፍኗል። ማረፊያው በአዳር 300 ብር ቢያስከፍል ግን ሦስት አዳር ያደረው 900 ብር፣ 14 አዳር ያደረው ደግሞ 4,200 ብር ይከፍላል። ክፍሉ በየሳምንቱ በልዩ ሁኔታ የሚጸዳ ቢሆን እንኳ የ14 አዳሩ ወጪ ከ1,200 ብር አይበልጥም። ልዩነቱ ወጪን የማይወክል በመሆኑ ለክርክር በር ይከፍታል።

ለረጅም ጊዜ ለሚኖሩ ተከራዮች

በመኖሪያ ቤት ኪራይ ረገድ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ በሚመለከተው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የውሉ ዘመን በመርህ ደረጃ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የኪራይ ጭማሪ ሊደረግ የሚችለውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ይፋ በሚያደርገው መጠን ነው።

እነዚህ ድንጋጌዎች በእንስሳ ስም የሚጠየቅ ክፍያ ላይም ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስገድዳሉ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ አከራዩ ድመት በመኖሯ ምክንያት ወርሃዊ ክፍያ ቢጨምርና ገንዘቡ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ባይገልጽ፣ ጥያቄው በሌላ ስም የቀረበ የኪራይ ጭማሪ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። የእንስሳ መያዣም የሁለት ወሩን ጣሪያ ማለፊያ መንገድ መሆን የለበትም። በመሆኑም ቅድሚያ ክፍያውና የእንስሳው መያዣ ተደምረው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጡ ማድረግ ለሁለቱም ወገን አስተማማኝ ነው።

የረጅም ጊዜ ተከራይ ቤቱን በየዕለቱ ራሱ ያጸዳል። ስለዚህ የማይመለስ የጽዳት ክፍያ ሳይሆን የሚመለስ መያዣ ይስማማዋል። መጠኑን ለመወሰን የእንስሳው ዓይነትና ብዛት፣ የሚውልበት ቦታ እንዲሁም የቤቱ ሁኔታ ይታያል። በግቢ ውስጥ ማደሪያ ያለው ውሻ ፓርኬ በተነጠፈበት ሳሎን ከሚውል ውሻ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል። በጋራ ግቢ የተከራዩ ውሻ ለግቢው ሁሉ የጥበቃ አገልግሎት የሚሰጥ ከሆነ ይህም ከግምት ሊገባ ይገባል። በአንጻሩ የአከራዩ ውሻ ግቢ ውስጥ ቢኖር ለውሻው ምግብና ሕክምና ተከራዩ እንዲያዋጣ መጠየቅ አይገባም። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደግሞ ደረጃና መተላለፊያ የሁሉም ነዋሪ በመሆናቸው ተከራዩ የሕንፃውን የነዋሪዎች ማኅበር ደንብ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

መያዣው ሲመለስ እንዴት ይታሰባል?

በዘመን ብዛት የሚመጣ መጎሳቆል የተከራዩ ዕዳ አይደለም። ተከራዩ የሚጠየቀው እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ሲሆን የተጎዳው ዕቃ ዕድሜም ይታሰባል። ለአብነት ተከራዩ 6,000 ብር መያዣ አስቀምጦ ሦስት ዓመት ኖሯል እንበል። ሲወጣ ውሻው የበሩን እንጨት ቧጭሮ ማስጠገኛው 1,500 ብር ሆኗል። የሳሎኑ ግድግዳ ቀለምም ተበላሽቶ እንደገና ለመቀባት 8,000 ብር ያስፈልጋል። ቀለሙ አራት ዓመት እንደሚያገለግል ቢታሰብና ሦስቱን ዓመት አገልግሎ ከሆነ፣ ተከራዩ የሚጠየቀው የቀሪውን ሩብ ማለትም 2,000 ብር ነው። ጠቅላላ ተቀናሹ 3,500 ብር ስለሚሆን 2,500 ብር ለተከራዩ ይመለሳል። አከራዩ ተቀናሹን በዝርዝር ጽፎና የጥገና ደረሰኝ አያይዞ ቢያቀርብ አለመግባባት ይቀንሳል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ቤቱ በመግቢያ ጊዜ የነበረበት ሁኔታ ሲታወቅ ነው። በሮች፣ መስኮቶች፣ ወለልና ግድግዳ በርክክቡ ዕለት ፎቶግራፍ ተነስተው ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበት የርክክብ ሰነድ ከውሉ ጋር ሊቀመጥ ይገባል።

በሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው ማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስም ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ የእንስሳ ክፍያ መክፈል ባለቤቱን ከዚህ ኃላፊነት ነጻ አያደርገውም፤ አከራዩም ክፍያ በመቀበሉ የጉዳቱን ኃላፊነት ወሰደ ማለት አይደለም።

አከራይ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ምስክር ወረቀት መጠየቁ ተገቢ ነው። ክትባቱ በየጊዜው መታደስ ያለበት በመሆኑ የረጅም ጊዜ ተከራይ የታደሰውን ምስክር ወረቀት እንዲያቀርብ በውሉ ሊሰፍር ይችላል። በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽነትና የግል እንቅስቃሴ ትኩረት ይሰጣል። ከዚህ መንፈስ በመነሳት ዓይነ ስውር ሰውን የሚመራ የሠለጠነ ውሻ እንደ ነጭ በትር ሁሉ የእንቅስቃሴ ድጋፍ መሆኑን ተገንዝቦ የእንስሳ ክፍያ አለመጠየቅ ተገቢ ነው። ውሻው ጉዳት ካደረሰ ግን የደረሰውን ጉዳት ልክ መጠየቅ ይቻላል።

በውሉ ውስጥ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ነጥቦች

• የእንስሳው ዓይነት፣ ብዛትና የሚውልበት ቦታ፤
• የክፍያው ዓይነት፣ መጠንና ዓላማ፤ የሚመለስ ወይም የማይመለስ መሆኑ፤
• መያዣው የሚመለስበት ቀንና የተቀናሽ አሠራር፤
• የክትባት ምስክር ወረቀት የሚቀርብበት ጊዜ፤
• በጩኸት ወይም በንጽሕና ጉድለት ቅሬታ ቢነሳ ለማስተካከል የሚሰጥ የጊዜ ገደብ፤
• በኪራዩ ዘመን ሌላ እንስሳ ቢመጣ ስምምነቱ በጽሑፍ የሚሻሻል መሆኑ።

የቤት ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ ክፍያ ሥርዓት እንደሚፈጸም ሁሉ የእንስሳው መያዣም በዚያው መንገድ ቢከፈል ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። አለመግባባት ሲፈጠር ተዋዋዮች በቅድሚያ የርክክብ ሰነዱን፣ ፎቶግራፎቹንና ደረሰኞቹን ይዘው እንዲነጋገሩ ይመከራል። መስማማት ካልተቻለ የመኖሪያ ቤት ተከራይ ወይም አከራይ ውሉን ለመዘገበው አካል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የእንግዳ ማረፊያን የሚመለከት ቅሬታ ደግሞ ለአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።