የደጋው ትንፋሽ፦ የደንቆሮ ጫካና የጨፌው አፈር

ሊጥ ምጣድ ላይ ሲፈስ ወዲያው ዓይን ማውጣት ይጀምራል። ያንን ዓይን የሚከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሊጡ ሲቦካ በውስጡ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት ስኳሩን እየበሉ የተነፈሱት አየር። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ መሬትም እንዲሁ ይተነፍሳል። የረገፈውን ቅጠል፣ የሞተውን ሥርና የወደቀውን ግንድ ረቂቅ ሕዋሳት ሲበሉት ያው አየር ከአፈሩ ይወጣል።

ጫካው ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ጽድና ወይራ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶና አስታ፣ ከዚያም በላይ ጓሳና ጅብራ ይገኙበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል።

ፀሐይ ስትወጣ በቅጠሉ ገጽ ላይ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በእነሱ የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብርሃን ኃይል ከውሃ ጋር ተዋህዶ ስኳር ይሆናል፤ ስኳሩም እንጨት፣ ሥርና ቅጠል ይሆናል። የደረቀ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ስለዚህ አንድ ቶን ደረቅ እንጨት 1.8 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ተወስዶ የተሠራ ነው። ሲመሽ መቀበሉ ይቆማል፤ መተንፈሱ ግን አይቆምም። ነፋስ በሌለበት ሌሊት የወጣው አየር ከብርዱ ጋር ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ ረፋድ ላይ ነፋስ ሲነሳ ይበተናል። ደን ካርቦን አከማቸ የሚባለው የቀኑ ገቢ ከቀንና ከሌሊቱ ወጪ ሲበልጥ ነው።

አፈሩ ላይ ውሃ ሲተኛ ሒሳቡ ይለወጣል። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰርገው በአየር ውስጥ ከሚሰርግበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ሁኔታ ነው። ክረምት ውሃ የማይለየው ጨፌ ከላይ ጥቂት ጣት ወረድ ሲሉ ኦክስጅን የለውም። አባቶቻችን እህል በጉድጓድ ያቆዩበት ብልሃት ይኸው ነው፦ አፉ ሲደፈን አየሩ ያልቃል፣ ነቀዙም ይሞታል። ጨፌም የሣሩንና የሥሩን ቅሪት እንደዚያ ይዞ ያቆያል፤ የደጋው ብርድም ያግዘዋል። ከዚህ አፈር አንድ እፍኝ አንሥቶ የጨመቀ ሰው ቡናማ ውሃ ሲወርድ ያያል፤ መዳፉ ላይ ገና በስብሶ ያላለቀ የሣር ክር ይቀራል። በዚያ ክር ውስጥ ያለው ካርቦን ከብዙ ዘመን በፊት በአየር ላይ የነበረ ነው።

ይህ ቁጠባ ዋጋ አለው። ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ሕዋሳት ሜቴን ያወጣሉ፤ ሜቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው የአማዞን ወንዝ ሞልቶ ደኑን ለወራት ውሃ ውስጥ በሚያቆምበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ከአማዞን ወንዞችና በጎርፍ ከሚጥለቀለቀው መሬት በዓመት ግማሽ ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ወደ አየር እንደሚወጣ ገመተ። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ዛፎቹ ከሥራቸው ስር ያለውን ሜቴን በግንዳቸው እንደሚያወጡት አሳየ። ቁጠባውም ትንሽ አይደለም፦ በዚያው ዓመት በኮንጎ ተፋሰስ ረግረጋማ ደን ስር ወደ 30 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን መቀመጡ ተገመተ።

ደረቅና እርጥብ ሲፈራረቁስ? ኬንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው በርች የተባለ ተመራማሪ፣ ደርቆ የከረመ አፈር ዳግም ሲርስ በውስጡ ያለው ብስባሽ በድንገት በፍጥነት እንደሚፈርስ አገኘ፤ ግኝቱን ካሳተመባቸው ጽሑፎች አንዱ በ1958 እ.ኤ.አ. ወጣ። በበጋ ተሰነጣጥቆ የከረመ ዋልካ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍበት ከሚሸተን የአፈር ሽታ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድም ገንፍሎ ይወጣል።

የዚህ ትንፋሽ ልኬት ሲጀመር ቀላል ነው። አፉ የተደፋ ባልዲ የመሰለ ዕቃ አፈሩ ላይ ይገጠማል፤ ውስጡ የሚጠራቀመው አየር በታህተ ቀይ ብርሃን ይለካል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ብርሃን ስለሚውጥ መጠኑ ይታወቃል። ለሰፊ ደን ደግሞ ከዛፎቹ በላይ ማማ ይቆማል፤ መሣሪያው የነፋሱን ወጣ ገባና የአየሩን ይዘት በየሰከንዱ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ ይመዘግባል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ጨፌው ስለምሰጋ ነው። ችግኝ መትከልን ለምደናል፤ ደግ ሥራም ነው። ነገር ግን ለእርሻ ተብሎ ጨፌ ላይ ቦይ ሲቀደድ ውሃው ይወርዳል፣ አየር ይገባል፤ የእህሉ ጉድጓድ አፉ እንደተከፈተ ማለት ነው። ዘመናት ያጠራቀሙትን ካርቦን አፈሩ በጥቂት ዓመታት መበተን ይጀምራል፤ የዘንድሮ ችግኝ ይህን ለመመለስ ዕድሜ አይበቃውም። ደኑን ከመጥረቢያ ስንጠብቅ ጨፌውንም ከቦይ እንጠብቅ፤ የጉድጓዱ ክዳን ውሃው ነው።