ከኮርኒሱ ከፍ ያለ ጣሪያ

በምዕራብ አፍሪካዊቷ አገር ቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ሦስት ክፍሎች ያሉት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሠርቶ አለቀ። ንድፉን ያወጣው፣ ገንዘቡን ለምኖ ያሰባሰበው፣ ቆሞም ያሠራው ሰው ገና ተማሪ ነበር። ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንጻ መማር ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ዲፕሎማውን እስኪይዝ ደግሞ ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። አብዛኛው የሥነ ሕንጻ ተማሪ በዚህ ጊዜ የሚሠራው ከካርቶን የተቆረጠ ሞዴልና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ንድፍ ነው። መምህራኑ አይተው ማርክ ይሰጡበታል፤ ከዚያም መጋዘን ይገባል። ኬሬ ግን ንድፉን አገሩ ወስዶ ለሐሩርና ለዝናብ አስፈተነው።

ያ የተማሪ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ኻን የሥነ ሕንጻ ሽልማትን አገኘ። ኬሬ ራሱ በ2022 በሙያው ከሁሉ የላቀ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲቀበል፣ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ስለ ጋንዶ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ታዲያ ስለ ጭቃው ነው። ጭቃው ተገቢውን ምስጋና ያግኝ፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ጣሪያው ነው ባይ ነኝ። በቆርቆሮ ሥር ተወልደን በቆርቆሮ ሥር ለተማርነው ደግሞ ይህ ጣሪያ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል።

ኬሬ ጋንዶ ውስጥ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። አባቱ የመንደሩ አለቃ ነበሩ፤ ከመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት በመግባት የመጀመሪያው እሱ ነው። ጋንዶ ትምህርት ቤት ስላልነበራት በሰባት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ቴንኮዶጎ ወደምትባል ከተማ ሄደ። የተማረበት ክፍል በብሎኬት የተሠራ፣ ብርሃንም አየርም እንደልብ የማይገባበት ነበር፤ ከመቶ የሚበልጥ ልጅ ይታጨቅበታል። በዚያ አገር በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። መተማ ወይም ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ያስተማረ ሰው ከሰዓት በኋላ የልጆች ዓይን እንዴት እንደሚከደን ያውቃል። ኬሬ በኋላ ላይ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የተሻለ ትምህርት ቤት የመሥራት ሐሳብ የተጸነሰበት ያ ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 የአናጢነት ሙያ የሚማርበት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ጀርመን ገባ። ማታ ማታ እየተማረ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ በ1995 ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ስለዚህ ንድፍ መንደፍ ከመማሩ በፊት መለካት፣ መቁረጥና ማጋጠም ያውቅ ነበር። የጋንዶን ሕንጻ በፎቶግራፍ እንኳ ልብ ብሎ ላየ ሰው የአናጢ እጅ ይታወቀዋል፤ የቱ በየቱ ላይ እንደሚያርፍ፣ የቱ ምን እንደተሸከመ ሁሉም በግልጽ ይታያል፤ በልስን የተሸፈነ ምስጢር የለም።

ለዕረፍት ወደ መንደሩ መጥቶ ሊመለስ ሲሰናበት፣ የጋንዶ ሴቶች ከልብሳቸው ቋጠሮ ሳንቲም እየፈቱ ያስጨብጡት ነበር። የሚሰጡት ከጉድለታቸው ነው፤ ተምሮ አንድ ቀን ለመንደሩ እንዲተርፍ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር በርሊን ውስጥ አቋቋመ፤ አብረውት የሚማሩት ለቡናና ለሲጋራ ከሚያወጡት ላይ እንዲያዋጡ ጠየቃቸው። ትምህርት ቤቱ የፈጀው ገንዘብ በጠቅላላው ወደ 30 ሺህ ዶላር ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚሠራ አስቡት።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበደው የአገሬውን ሰው ማሳመኑ ነበር። ልጃቸው ነጮች አገር ሄዶ ተምሮ መጣ፤ የሚጠብቁት የሲሚንቶና የመስታወት ቤት ነው፤ እሱ ግን በጭቃ እንሥራ አላቸው። ጭቃን እነሱ ያውቁታል። ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው ይሸረሸራል፤ ዝናቡ ሲያባራ ምርጊት ይጀመራል፤ በዓመቱም እንደገና። የኛም አገር ገጠር ነዋሪ ቢጠየቅ ከዚህ የተለየ መልስ አይሰጥም፤ ጭቃ የድህነት ምልክት፣ ብሎኬት የማለፍ ምልክት ነው። ኬሬ ይህን በንግግር ብቻ ሊያሸንፍ አልሞከረም። የወረቀት ንድፍ ማንበብ ለማይችል ሰው አሸዋ ላይ እየሣለ አስረዳ። ትምህርት ቤቱን በኋላ ባስፋፋበት ጊዜ ደግሞ የጭቃ ቅስት ለናሙና ሠርቶ ከሠራተኞቹ ጋር ላዩ ላይ ወጥቶ ዘለለ። ቅስቱ አልተሰበረም፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ።

ጭቃው ታዲያ ዝም ብሎ የተመረገ ጭቃ አይደለም። ከዚያው ከአካባቢው የተቆፈረ የሸክላ አፈር ነው፤ ስምንት በመቶ ገደማ ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት በእጅ መጭመቂያ ተጠቅጥቆ እንደ ብሎኬት ይወጣል። በዚህ ዓይነት ሥራ ከባዱ ነገር የውሃው ልክ ነው። ሠራተኛው ከድብልቁ አንድ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ይጨብጠዋል፤ ከዚያም ከደረቱ ከፍታ ይለቀዋል። መሬት ሲነካ እንደ ዱቄት ከተበተነ ደርቋል፤ ተለጥፎ ከቀረ ውሃ በዝቶበታል፤ ለጥቂት ቁራጮች ከተሰነጠቀ ለመጭመቂያው ደርሷል ማለት ነው። የወጣው ብሎኬት ፀሐይ እንዳያገኘው ተሸፍኖ፣ ሲሚንቶው እስኪይዝ ድረስ ለቀናት እርጥበቱ ይጠበቅለታል። እሳት የሚባል ነገር የለም። ተተኩሶ የሚሠራ ጡብ ማገዶ ይበላል፤ ዛፍ በሳሳበት አገር ደግሞ ማገዶ ከገንዘብም ይብሳል። ሥራውን የአገሩ ልጆች እንዲለምዱት ሎኮማት የተባለው የቡርኪና ፋሶ መንግሥት ድርጅት ብሎኬት ሠሪዎችን አሠለጠነ።

ወደ ጣሪያው እንምጣ። ቆርቆሮ ዝናብን በመመለስ የሚወዳደረው የለም፤ ቀላል ነው፤ የትም ገበያ ይገኛል። ችግሩ ፀሐይ ሲመታው ይግላል፤ የጋለው ብረት ሙቀቱን ቁልቁል ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው አየርም መውጫ አጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይታፈናል። ከቆርቆሮው ሥር ስስ ኮርኒስ ቢወጠር እንኳ በመካከል የቀረው አየር መተላለፊያ እስከሌለው ድረስ ነገሩ ብዙም አይለወጥም። ኬሬ ቆርቆሮውን አልጣለውም፤ ዝናብ መመለስና ክፍሉን መዝጋት የነበረውን ሥራውን ዝናብ መመለስ ብቻ አደረገለት። ጋንዶ ውስጥ ከግድግዳው በላይ የኮንክሪት ቢሞች ክፍሉን አቋርጠው ያልፋሉ፤ በቢሞቹ ላይ የብረት ዘንጎች ተጋድመዋል፤ በዘንጎቹ ላይ ደግሞ ያው የጭቃ ብሎኬት ተደርድሮ ኮርኒስ ሆኗል። ክፍሉን ከላይ የሚዘጋው ይህ ኮርኒስ ነው። ቆርቆሮው ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በብረት ጥልፍልፍ ተደግፎ ለብቻው ከፍ ብሎ ተቀምጧል።

በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኙ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ይመላለስበታል። የጋለው ቆርቆሮ የሚለቀው ሙቀት ክፍሉ ከመድረሱ በፊት ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። በክፍሉ ውስጥ የሞቀው አየር በባሕርዩ ወደ ላይ ይወጣል፤ በኮርኒሱ ክፍተቶች አልፎ ከዚያው ነፋስ ጋር ይቀላቀላል፤ በምትኩም በመስኮቶቹ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይገባል። ወፍራሙ የአፈር ግድግዳ ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። ቬንቲሌተር የለም፤ ኤሌክትሪክ የለም፤ የሚበላሽ ሞተርም የለም። ክፍሎቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ በመካከላቸው ጣሪያ ያለው ክፍት ቦታ ተትቷል፤ ልጆች እዚያ ይጫወታሉ፣ ይማሩበታልም።

ቆርቆሮው ከግድግዳው ወዲያ ርቆ ይወጣል፤ ሰፊ ክፈፍ አለው። ጭቃን የሚገድለው ዝናብ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ብቻ ሳይሆን መሬት ነጥሮ የግድግዳውን እግር የሚበላውም። ክፈፉ የመጀመሪያውን ከግድግዳው ያርቀዋል፤ የሁለተኛውን ጉልበት ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ የቀትር ፀሐይ ግድግዳው ላይ እንዳያርፍ ጥላ ይሆናል። የጭቃው ዕድሜ በጣሪያው ነው የምለው ለዚህ ነው። በኛ አገር ቆርቆሮ ውድ ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚቆረጠው ክፈፍ ነው፤ አንድ ክንድ ቆርቆሮ ለማትረፍ ሲባል በየዓመቱ የጭድና የጭቃ ወጪ ይከተላል።

ይህን ጣሪያ ወደ ላይ ለማንሳት ክሬን አላስፈለገም፤ ቢያስፈልግም አይገኝም ነበር። ድጋፉ የተሠራው ለኮንክሪት ከሚገባው ከተራው ፌሮ ነው፤ ፌሮው እዚያው በእጅ መጋዝ ተቆርጦ፣ በትንሽ የብየዳ ማሽን ተበይዶ። መጋዝ መያዝና መበየድ የተማረ የመንደሩ ወጣት ነገ ቢበላሽ ይጠግነዋል፤ ሌላ ቦታ ሄዶም ሠርቶ ይበላበታል። ከጋንዶ በኋላ የሆነውም ይኸው ነው። የሠለጠኑት ሰዎች በሌሎች ግንባታዎች ሥራ አገኙ፤ ሁለት ጎረቤት መንደሮችም በዚሁ ዓይነት ትብብር ትምህርት ቤት ሠሩ። አንድ ሕንጻ አካባቢውን ሳይጎዳ ዘመን ይሻገራል ከተባለ፣ ከሙቀት መለኪያው እኩል የሚታየኝ ይህ ነው፦ ባለሙያው ወደ በርሊን ሲመለስ ሙያው መንደሩ ውስጥ ቀርቷል።

ሥራው ደቦ ነበር። ልጆች ለመሠረቱ ድንጋይ ለቀሙ፤ ሴቶች ለብሎኬቱ ውሃ ቀዱ። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2013 ባደረገው ንግግር ያሳየው የወለል ሥራ ደግሞ ከአእምሮ አይጠፋም። በመጀመሪያ ወጣት ወንዶች ቆመው አፈሩን ለሰዓታት ይደበድባሉ። ከዚያ እናቶች ይመጣሉ፤ ጎንበስ ብለው፣ ውሃ እያርከፈከፉ፣ እነሱም ለሰዓታት ይመታሉ። በመጨረሻ ድንጋይ የያዙት ተቀምጠው ያለሰልሱታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወለሉ እንደ ተወለወለ ምጣድ ይለሰልሳል። ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሴቶቹ የሸክላ እንስራ በራሳቸው ተሸክመው አመጡ፤ እንስራዎቹ ተቆርጠው በኮርኒሱ ኮንክሪት ውስጥ ተቀበሩ፤ ቀዳዳዎቻቸው ከላይ ብርሃን ያስገባሉ፣ የሞቀውን አየር ያስወጣሉ።

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሳ አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። ሲሚንቶና ብረት ከገባበት ምኑን የአፈር ቤት ሆነ? አፈር ያለ ሲሚንቶ ሲፈርስ ተመልሶ አፈር ይሆናል፤ ሲሚንቶ የነካው ግን እንደዚያ አይመለስም። ይህን የሚሉ ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ሌላ የተማሪ ሥራ አለ። ጀርመናዊቷ አና ሄሪንገር ኦስትሪያ ውስጥ ሊንዝ ስትማር ለመመረቂያዋ የነደፈችው፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ሩድራፑር በምትባል መንደር የተሠራው የሜቲ ትምህርት ቤት ነው። ግንባታውን ከሥነ ሕንጻ ባለሙያው ከአይከ ሮስቫግ ጋር ሆና የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ይህም ትምህርት ቤት በ2007 የአጋ ኻንን ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ግድግዳው ሲሚንቶ የለበትም፤ አፈርና የሩዝ ገለባ በጎሽ እየተረገጠ ተቦክቶ፣ ሽፋን በሽፋን እየተከመረ ነው የወጣው። ፎቁ ደግሞ ቀርከሃ ነው። ለቆላና ለደጋው ጭድና ጭቃ ቅርብ ለሆንነው ለእኛ፣ የሩድራፑር ግድግዳ ከጋንዶው ይልቅ ዘመዳችን ይመስለኛል።

ቢሆንም ኬሬን በዚህ አልወቅሰውም። ጭቃ ይፈርሳል ብሎ የተማረረ ማኅበረሰብ ልጆቹን ከሥሩ እንዲያስቀምጥ ሲጠየቅ ጥቂት ሲሚንቶ የመተማመኛ ዋጋ ነበረች። ብረቱም የገባው አፈር ሊችለው በማይችልበት ቦታ ብቻ ነው። የተማሪ ጭንቅላት የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው፤ የቱን ከሩቅ ላስመጣ፣ የቱን ከጓሮ ልቆፍር የሚለውን መለየት።

ልደታ ያለው የኛው ሕንጻ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲጀመር፣ ከማስተማር ጋር የአገር ውስጥ የግንባታ ዕቃን መመርመር ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ነበር። ከዚያ በር የሚወጣ ተማሪ ጋንዶን ሲያይ የጭቃ ብሎኬቱን እንዳለ ይቅዳ አልልም። የዶርዜ ሰው ቀርከሃ አለው፤ የትግራይ ሰው ድንጋይ አለው፤ የሐረር ሰው የራሱ ግንብ አለው። የሚቀዳው ከቆርቆሮው ሥር የተተወው ክፍተትና የክፈፉ ስፋት ነው፤ እነዚህ ግድግዳው ከምንም ቢሠራ ይሠራሉ።

ኬሬም ራሱን አልቀዳም። ኦሞ ወንዛችን በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ ዳር፣ ኬንያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ለወጣቶች የኮምፒውተር ሙያ ማሠልጠኛ ግቢ ሠርቷል። ግድግዳው ከዚያው አካባቢ የተፈለጠ ድንጋይ ነው። በጣሪያው ላይ ረጃጅም ማማዎች ቆመዋል፤ መልካቸው ከአካባቢው ኩይሳ የተወሰደ ነው። ሞቃቱ አየር በማማዎቹ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታች ዝቅ ብለው በተከፈቱ መስኮቶች ንጹሕ አየር ይገባል፤ ኮምፒውተሮቹም የበረሃው አቧራና ግለት ሳይጎዳቸው ይሠራሉ።